በቦቃ ስም የተላከ ወተት

ሰቆጣ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ለተጊዮርጊስ፤

ይህን ደብዳቤ አልልክልሽም። የምጽፈው ለአንድ ሰው መንገር ስላለብኝ ነው፤ ያለሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።

አባዬ ሞተ። ማክሰኞ፣ ጥር ስድስት። ሦስት ቀን ሆዱን አመመው። «ብርድ ነው» እያለ እሑድም ፍየሎቹን ይዞ ወጣ። እኔ እዚህ ሰቆጣ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ማክሰኞ ጠዋት በቃሬዛ ይዘውት ሲመጡ የጎረቤት ልጅ ተስፋው ቀድሞ ሮጦ ከክፍል አስጠራኝ። ከተማው መግቢያ ድልድዩ ጋ ስደርስ ቃሬዛው መሬት ላይ ነበር። የተሸከሙት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ቆመዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም።

ትናንት ሣልስቱ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የነፍስ አባቱ መምሬ ገብረ አማኑኤል ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው «ለተስ?» አሉ።

«ለተ ምን?» አሉ አጎታችን አያ ይስማው።

«መርዶዋን ነዋ የምልህ።»

«በስልክ? አባቴ ይሙት አይሆንም! ሰው በሌለበት አገር፣ በባዶ ቤት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ትውደቅ? ማን ይይዛታል? ማን ውኃ ያቀብላታል?»

መምሬም «ትምህርቷን የምትጨርሰው ሰኔ ነው ብሎኝ ነበር ሟች» አሉ። «እስከዚያ ይቆይ። ስትጨርስ አገሯ ትገባለች። በሰው መሀል፣ ማለዳ ይነገራታል።» ወደኔም ዞሩ። «የምትጽፍላት አንተ ነህ። ትችላለህ?»

ሰዉ ሁሉ ያየኝ ነበር። እችላለሁ አልኩ።

እትዬ፣ አልችልም።

ቢያዝን


ሰቆጣ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለለተጊዮርጊስ ሸጋው፣ ካለሽበት ብርድ አገር ይድረስሽ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የገና ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ዘግይቼ መመለሴን ይቅር በይኝ። እዚህ ሁሉም እንደነበረ ነው።

ስልኬ ለምን እንደማይጠራ ሳትጠይቂ አትቀሪም። የጥምቀት ዕለት ውኃ ሲረጭ ገባበት። የሚጠግነው ሰው «ጠበል የገባበትን ስልክ እኔ አልከፍትም» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አሁን የወተት ካርዶቹ ስላሉ መጻፉ አይቀርምና ደብዳቤ ይበቃናል። አባዬስ ድሮም በስልክ የተነገረ ነገር ነፋስ ይወስደዋል ይል የለ።

በዚህ ፖስታ አራት ካርድ አለ። የጥር 3 የፍየሎቻችን የቦቃና የዳማ፣ የጥር 17 የቦቃና የዳማ። እንዳሳየሽን በየካርዱ አራት ክብ ላይ አንዳንድ ጠብታ ወተት አድርገን፣ ጥላ ላይ አድርቀን፣ ውኃ ከሚመጠው እንክብል ጋር በሚያብረቀርቀው ወረቀት ጠቅልለነዋል። የጥር 3ቱን በእርሳስ የጻፈበት አባዬ ነው። የጥር 17ቱ ግን የኔ እጅ ነው፤ አባዬን እሾህ ጣቱን ወግቶት እርሳስ አይዝለትም።

ገበያ ላይ እናትነሽ ባለሱቋ አግኝታኝ «እህትህ ሆላንድ ስኳር ነው አሉ የምትሠራው፤ እንግዲያው ሁለት ኪሎ ትላክልን እንጂ፣ እዚህ ጠፍቶ የለም ወይ» አለችኝ። የምትበላው ዓይነት አይደለም ብዬ ባስረዳትም አልተቀበለችኝም። «የማይበላ ስኳር ምን ሊረባት ነው እዚያ ድረስ የሄደችው?» አለች።

አባዬ ሰላም ይልሻል።

ወንድምሽ ቢያዝን


ሆላንድ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢያዜ፣ የኔ ጌታ፤

እንዴት ሰነበትክ? አባዬስ? ጣቱ ዳነለት? እሾሁ ውስጡ ከቀረ ያመግላል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ በለው። አልሄድም እንደሚልህ አውቃለሁ። ለተ አዛለች በለው። ሳሉስ ለቀቀው? የላክሁለትን ሹራብ ይለብሰዋል?

ካርዶቹ በደህና ደረሱ። ለእናትነሽ እንዲህ በላት፤ በወተት ውስጥ ሻይ የሚያጣፍጠው ዓይነት ተራ ስኳር አለ። ከሱ ሌላ ደግሞ እንደ ግራር ቅርንጫፍ እየተቀጣጠሉ የበቀሉ፣ ጣዕም የሌላቸው ትልልቅ ስኳሮች አሉ። እነሱን ሕፃን ልጅ ሊፈጫቸው አይችልም። ለሱ አልተሰጡማ። በአንጀቱ ለሚኖሩት፣ ከበሽታ ለሚጠብቁት ጥቃቅን ተሕዋስያን ነው የተሰጡት። አንዴ ይህን ሳስረዳው አባዬ ምን እንዳለኝ ታስታውሳለህ? «የዘበኞቹ ድርጎ ነው በይኛ!» ሦስት ዓመት ከመጽሐፍ ያነበብኩትን በሦስት ቃል ጨረሰው።

የእናት ወተት በዚህ ድርጎ የበለጸገ ነው። የፍየል ወተት ግን ድሃ ነው። መሣሪያችን ወተቱን ሲመረምር ተራራ ተራራ የሚመስል መስመር ይስላል፤ እያንዳንዱ ጫፍ አንድ ስኳር ነው። ሰባተኛዋ ጫፍ በሴት ወተት ውስጥ ትልቅ ናት። በመረመርኳቸው ፍየሎች ሁሉ የለችም። በቦቃ ወተት ብቻ ቆማ ትታያለች። የጥር 3ቱም የጥር 17ቱም ላይ አለች።

ይህ ለምን እንደሚያስለቅሰኝ ላንተ ልንገርህ፤ ትልቅ ልጅ ሆነሃል። እማዬ አንተን ወልዳ በሦስተኛው ቀን ስታልፍ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሴቶቹ አንተን እያዩ «ይኸም ይከተላታል» ሲሉ ሰምቻለሁ። አባዬ ሄዶ የዚያን ጊዜዋን ቦቃ፣ የአሁኗን አያት፣ አልቦ መጣ። ጡጦውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌሎች ልጆች የእናት ጡት እየጠቡ በተቅማጥ ሲሞቱ አንተ ወፈርክ። ያኔ ለምን ብዬ ጠየቅኩ። እስከ ዛሬም ሌላ ነገር ጠይቄ አላውቅም።

ሰኔ 17 በመምህራኑ ፊት ቆሜ ጽሑፌን አስረዳለሁ። ከዚያ ቀጥታ ወደ እናንተ ነው።

አባዬ ጣቱ ሲድን አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ስሙን ብቻ ቢሆንም።

እህትህ ለተ


ሰቆጣ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ይህም አይላክም።

ከትናንት በስቲያ፣ ቅዳሜ፣ የአባዬ አርባ ነበር። ጾሙ ዛሬ ስለሚገባ ሥጋ የሚበላበት የመጨረሻው ሰሞን ነበር፤ ሰው እንደዚህ ይመጣል ብሎ ማንም አልጠረጠረም። ከሰሃላ ድረስ በእግር የመጡ ነበሩ። ለካ አባዬ ይህን ያህል ሰው ያውቅ ነበር። የተዘጋጁት ሁለት ሙክቶች አልበቁም።

እኔ ካህናቱን ልጠራ ሄጄ ነበር። ስመለስ ቦቃ ጉሮኖው ውስጥ የለችም። ግልገሏ ብቻዋን ትጮኻለች። ጓሮ ስሄድ አያ ይስማው ቢላዋውን በቅጠል ይጠርጋሉ። የቦቃ ራስ መሬት ላይ ነው፤ ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ወደ ላይ ነበር።

«አያ፣ ይህቺ እኮ የለተ ናት» አልኳቸው።

«የማን?»

«ወተቷ... ለምርምር የምንልከው።»

አያ ይስማው ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም ነበር፤ ዓይናቸው ደም መስሏል። «የምትታለብ ፍየል ማረድ ደስ ብሎኝ ይመስልሃል?» አሉ። «ከሰሃላ የመጣን ሰው ጦሙን ልሸኝ? በወንድሜ ተዝካር? ዳማ አለች አይደል፣ እሷን አልበህ ላክላት። ወተት ወተት ነው።»

ጎረቤታችን ደግሰው ሳህን ይዞ መጣ። «ብላ እንጂ፤ የአባትህ ነው» አለኝ። አልበላሁም። አሞኛል አልኩ። በዚያች ፍየል አያት ወተት ነው የቆምኩት፤ እንዴት አድርጌ እበላለሁ?

አሁን ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ቦቃ ታረደች ካልኩ፣ ለምን ትያለሽ። አባዬ በሕይወት እያለ ቦቃን ማንም እንደማያርዳት አንቺ ታውቂያለሽ።

ቢያዝን


ሰቆጣ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለለተጊዮርጊስ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በፍየል ወተት ማደጌን እንጂ ሴቶቹ ያሉትን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። የአባዬ ጣት ደህና ነው፣ ግን እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ መጻፉን ለጊዜው ትቶታል። ጤና ጣቢያ አልሄደም። ጾሙን ይጾማል። አዎ፣ ሳል የለበትም። አዎ፣ የላክሽለትን ሹራብ ለብሶታል።

የየካቲት 1 እና የየካቲት 22 ካርዶች ውስጡ አሉ። የቦቃና የዳማ፣ ስማቸው በየካርዱ ላይ ተጽፏል።

ትምህርት ጥሩ ነው። ባዮሎጂ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቻለሁ።

ደብዳቤው ስላጠረ ይቅርታ። ፈተና አለብኝ።

ቢያዝን


ሆላንድ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢያዜ፤

ሁለተኛ ወጥተህ እንዲህ በአንድ መስመር ትነግረኛለህ? አንደኛ የወጣው ማነው? ንገረኝና ከዚህ ሆኜ እረግመዋለሁ። ቀልዴን ነው።

አንድ ነገር በጣም አስቸኳይ ሆኖብኛል፤ በደንብ አስበህ መልስልኝ። በየካቲት 22 የቦቃ ካርድ ላይ ሰባተኛዋ ጫፍ የለችም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። የካቲት 1 ላይ እንደ ልማዷ አለች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠፋች። ተራራዋ ሁሉ ከዳማ ጋር አንድ ሆኗል።

በዚያ መሀል ምን ተለወጠ? ታማ ነበር? ግልገሏ ጡት ትታለች? ወይስ ወደ ተከዜ ቆላ ወርደው ሌላ ቅጠል መብላት ጀመሩ? አባዬን ጠይቀው። እሱ የፍየሎቹን ነገር ከራሱ ይበልጥ ያውቃል። የሚነግርህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

ቀጣዩንም ካርድ ቶሎ ላክ።

ለተ


ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለለተጊዮርጊስ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በዓሉ ደህና ነበር።

ጥያቄሽን አባዬን ጠየቅኩት። አዎ፣ የካቲት አጋማሽ ላይ ግጦሽ ስላለቀ ፍየሎቹ ወደ ተከዜ ወርደዋል። አዎ፣ ቅጠሉ ሌላ ነው አለኝ። ቦቃ አልታመመችም።

የመጋቢትና የሚያዝያ ካርዶች አብረው አሉ።

ቢያዝን


ሆላንድ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢያዜ፣ ቢያዜ፣ የኔ ወንድም፤

እየጻፍኩልህ ያለሁት ቆሜ ነው። መቀመጥ አቃተኝ።

ተረጋገጠ! በመጋቢትም በሚያዝያም ካርድ ሰባተኛዋ ጫፍ የለችም። መኖው ሲለወጥ ስኳሯ ጠፋ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ይህች ስኳር በዘር ብቻ የምትወረስ፣ መኖ የማይነካት ናት ብለን ነበር የምናስበው። አሁን ግን ቅጠል ሊያጠፋት ከቻለ፣ ቅጠል ሊያመጣትም ይችላል። ይገባሃል ይህ? እናታቸው ለሞተችባቸው ሕፃናት ምን ዓይነት ፍየል፣ ምን እየበላች ትታለብ የሚለውን ማወቅ እንችላለን ማለት ነው። መምህሬ «አራተኛውን ምዕራፍ እንደገና ጻፊው፤ ዋናው ምዕራፍሽ ይሄ ነው» አሉኝ። የድሮውን ሙሉ አውጥቼ ጣልኩት። ሰኔ 17 ቆሜ የምናገረው ይህንን ነው።

የምዕራፉ መጀመሪያ ላይ ምን እንደጻፍኩ ልንገርህ፤ «የዚህን ምልከታ ቁልፍ የሰጡት አርቢው አቶ ሸጋው ናቸው» ይላል። ለአባዬ ይህን አንብብለት። ፊቱን እያየህ አንብብለትና ምን እንዳለ ጻፍልኝ።

እኔ እንጃ፣ ደስታ ሲበዛብኝ ፍርሃት ይመጣብኛል። ከጥር ወዲህ የአባዬን እጅ ጽሑፍ አላየሁም። በዚህ ደብዳቤ ምላሽ ላይ መንቀጥቀጡ ግድ የለም፣ ስሙን ይጻፍበት።

ለተ


ሰቆጣ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ይህ አጭር ነው። በፈጣኑ ፖስታ ነው የላክሁት።

ውስጡ ሌላ የታሸገ ፖስታ አለ። አሁን አትክፈቺው። ሰኔ 7 ቅዳሜ ነው። ዓርብ ማታ ጓደኛሽ ትንሣኤ መጥታ አንቺ ጋ ትደር። ውኃ አጠገባችሁ ይቀመጥ። ቅዳሜ ማለዳ፣ በእናንተ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በእኛ አሥራ ሁለት ሲሆን ክፈቺው። በዚያው ሰዓት እኛም እዚህ እንቀመጣለን፤ አያ ይስማው፣ መምሬ ገብረ አማኑኤል፣ ጎረቤቱ ሁሉ። ብቻሽን አትሆኚም።

አራተኛውን ምዕራፍ ለማንም አትስጪ።

ወንድምሽ


(በታሸገው ፖስታ ውስጥ)

ግንቦት 18

እትዬ፤

ሁለት ደብዳቤ አብሬ አድርጌያለሁ። መጀመሪያ የጥር 9ኙን አንብቢ። ቀጥሎ የየካቲት 17ቱን። ከዚያ ወደዚህ ተመለሺ።

አሁን ታውቂያለሽ።

ከየካቲት 22 ጀምሮ ቦቃ ብዬ የጻፍኩባቸው ካርዶች በሙሉ የዳማ ናቸው። ሁለት ካርድ ጎን ለጎን አድርጌ ከአንድ ቅል ነበር የማንጠባጥበው። ተከዜ የወረደ ፍየል የለም። ቅጠልም የለም። አባዬን ጠየቅኩት ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። ሹራቡን ለብሶታል ያልኩሽ ግን እውነት ነው፤ ቃሬዛው ላይ እሱን ለብሶ ነበር።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሮጬ መንደር ሄድኩና ለአያ ይስማው አነበብኩላቸው። ፊታቸውን እያየሁ አነበብኩት፤ ለአባዬ እንዳልሽው።

«ጥሩ ነዋ!» አሉ። «ተሳክቶላታል።»

«አልተሳካላትም አያ። የኔን ውሸት ነው የጻፈችው።»

«አንድ ወር ነው የቀራት። ትለፈውና...»

«ካለፈችው በኋላማ መጽሐፍ ይሆናል። ሌላው ሰው ያነበዋል። ፍየል ቅጠል እያበላ እናት የሌለው ሕፃን ሊያሳድግበት ነው።»

«እንግዲያው ፍየሏን ጅብ በላት በላት። የወንድሜን ሞት ምን አመጣው?»

«ታዲያ ከየካቲት ወዲህ ማንን አልቤ ላክሁ? ጅቡን?»

ሊመቱኝ መስሎኝ ነበር። ግን ተቀመጡ። አብረን መምሬ ገብረ አማኑኤል ጋ ሄድን። መምሬ ሰሙና «በሰው ፊት ቆማ ነው የምትናገረው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲያው ምስክርነት ነው። እኛ ልናዝንላት ብለን ልጅቱን ሐሰተኛ ምስክር ልናደርጋት ነው፣ ያውም ሳታውቅ። ይነገራት።»

«በባዶ ቤት አባ?» አሉ አያ ይስማው። አለቀሱ። በአባዬ ቀብር እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየሁም።

ሰዓቱን ያሰቡት መምሬ ናቸው። «እሷ ስትከፍት እኛ እንቀመጥ» አሉ። «አገሩ ይራቅ እንጂ ማለዳው አንድ ነው።»

እትዬ፣ ምዕራፍሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለኔ ብለሽ የጀመርሽውን ነገር።

ቢያዝን


ሆላንድ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢያዜ፤

ፖስታህ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። «ውኃ ይቀመጥ» የሚለውን ሳነብ አወቅኩ። ለአገራችን ሰው ከዚህ በላይ ምን ይነገረዋል?

ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ረቡዕም ሐሙስም ቤተ ሙከራ ገባሁ። ሐሙስ ዕለት ካርዶቹን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። የአባዬ እጅ የሚያበቃው ጥር 3 ላይ ነው። ሰባተኛዋ ጫፍ የምታበቃው የካቲት 1 ላይ ነው። ቦቃን ማን እንደሚያርዳት፣ መቼ እንደሚያርዳት አሰብኩ። መሀሉ ላይ የአባዬ አርባ ይገባል። ፖስታውን ሳልከፍት ሁሉንም አነበብኩት።

ቢሆንም አልከፈትኩም። እናንተ ስትቀመጡ ልቀመጥ ብዬ።

ትንሣኤ ዓርብ ማታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች። ምንም አልነገርኳትም ነበር፤ «ውኃ አስቀምጡ አለ» ብቻ ነው ያልኳት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከፈትኩት። እንዴት እንደጮኽኩ አላስታውስም። የታችኛዋ ጎረቤቴ፣ አሮጊት ናቸው፣ በሌሊት ልብሳቸው መጥተው በሩን አንኳኩ። ትንሣኤ ከፍታ በደጅ ስትነግራቸው ሰማሁ። ሄዱ ብዬ ሳስብ ወንበር ይዘው ተመልሰው መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ። አያ ይስማውን እንዲህ በላቸው፤ የያዘኝ ሰው ነበረ።

ሰኞ መምህሬ ጋ ሄድኩ። አራተኛው ምዕራፍ ከጽሑፌ ወጥቷል። ሰኔ 17 ቀርቷል፤ ለጥቅምት ተላልፏል። እሳቸው «ወንድምሽ ነው ያበላሸው?» ሲሉኝ «አይደለም» አልኳቸው። እውነቱን ልንገርህ ቢያዜ። ሁለቱ ተራሮች አንድ መሆናቸውን ከመጀመሪያው ቀን አይቻለሁ። የትኛውም ሁለት ፍየል እንደዚያ አይመሳሰልም። ይህን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። «አንድ ወተት ነው» ማለት ነበረብኝ። እንዳልል ያደረገኝ፣ እንዲያ ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ስለፈራሁ ነው። አንተ ዋሸኸኝ፤ እኔም መዋሸትህን ፈለግኩ።

ለአያ ይስማው ግን አንድ ነገር ንገርልኝ። ወተት ወተት አይደለም። ቢሆን ኖሮ አንተ ዛሬ ደብዳቤ አትጽፍልኝም ነበር። በክፋት አይደለም የምለው፤ እንዲያውቁት ነው። ግልገሏን ማንም አይንካት።

የጥር 3ቱ ካርድ ላይ አንድ ክብ ቀርቶኝ ነበር። ለምርመራ ቆርጬ አሟሟሁት፤ ማድረግ ስለነበረብኝ አደረግኩት። ሰባተኛዋ ጫፍ እንደገና ቆማ ታየች። የአባዬ እጅ ያንጠባጠባት የመጨረሻዋ ናት። የጻፈበትን ጠርዝ ግን ውኃ አልነካውም። በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። አንተ የሱ እጅ ጽሑፍ እንደሌለህ አስቤ ነው። ላንተ ይሁን።

እህትህ ለተ


ሰቆጣ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ወረቀቷ ደረሰችኝ። ሁለት ጣት አትሞላም። «ቦቃ፤ ጥር 3» ይላል፤ እርሳሱን ጫን አድርጎ ነው የጻፈው፣ በጀርባው ሲዳሰስ ይታወቃል። መጽሐፍ ውስጥ አላስቀመጥኳትም፣ ትጠፋለች ብዬ። የት እንዳለች ስትመጪ አሳይሻለሁ።

ያን ቅዳሜ አንቺ ስትከፍቺ እኛ ደጅ ላይ ነበርን። መምሬ ሰዓታቸውን ይዘው ነበር። «አሁን» ሲሉ አያ ይስማው ቀድመው ጮኹ፤ ከዚያ ሴቶቹ። እኔ በጥር ማልቀስ አልቻልኩም ነበር፤ ደብዳቤ ስጽፍ እንዳትጠረጥሪ እያልኩ ይዤው ቀረሁ። ያን ዕለት አለቀስኩ። ደግሰው ደገፈኝ።

ያልሽውን ለአያ ይስማው አነበብኩላቸው። ተነስተው ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ግልገሏን ታቅፈዋት መጡ። ከኛ ጉሮኖ አውጥተው እሳቸው ቤት ውስጥ፣ ከሚተኙበት መደብ እግር ሥር አሰሯት። ሚስታቸው «ቤቱን ልታሸተው ነው» ብትላቸው «ዝም በይ፤ ይቺ ተማሪ ናት» አሉ። ከዚያ ለኔ «ወተት ወተት ነው ያልኩት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ። ስሜንም ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። ይስማው።

ግልገሏ ግንባሯ ላይ ነጭ የላትም። ሙሉ ቀይ ናት። ስለዚህ ቦቃ አላልናትም። ስም እስክትወልድ ይቆያታል።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የላክሁልሽን ፖስታ ሁሉ ሳሽግ ወተቱ እንዳይታጠፍ እያልኩ እጠነቀቅ ነበር። የዛሬው ቀላል ነው። ውስጡ ካርድ የለም፤ እንደፈለግሽ አድርገሽ ክፈቺው።

ወንድምሽ ቢያዝን